አባባ ማንን መረጡ?

እኛ ቤት ወረቀት የሚባል ነገር ሁሉ የኔ ነው። የመብራቱ፣ የኢንሹራንሱ፣ የመንግሥት ነጻ ሕክምናው የሜዲኬይዱ፣ የአፓርታማው ሊዝ፣ ሁሉም ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ እኔን ይጠብቃል። ባሌ እንድሪያስ ትራክ ነጂ ነው፤ ቤት ከሚያድርበት መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። አባቱ አቶ ፀጋዬ፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ እንግሊዝኛቸው ከ"ሃው አር ዩ" ተነስቶ "ቴንኪው ሶ ማች" ላይ ያልቃል። የዜግነት ፈተናውን ራሱ የተፈተኑት በዕድሜያቸው ምክንያት ተፈቅዶላቸው በአማርኛ ነው። እና እኔ እሞላለሁ፣ "አባባ፣ እዚች ጋ ይፈርሙልኝ" እላለሁ፣ እሳቸው መነጽራቸውን እንኳ ሳያወጡ ይፈርማሉ።

ይሄ የኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቪከሪ ሜዶ በሚባለው ሰፈራችን ያለ አበሻ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖረው። እንግሊዝኛ የሚችለው ይሞላል፣ ያልቻለው ይፈርማል። ጎረቤቴ መስዑዳ የእናቷን የሐኪም ወረቀት ይዛ ትመጣና በራችን ላይ ቆማ ታስሞላኛለች። "ስለ አለርጂ ይጠይቃል፣ ምን ልበል?" ስላት "የፈለግሽውን በይ፣ አንቺ ታውቂያለሽ" ትለኛለች። ነውር ነው ያለ ሰው የለም። እንዲያውም ይመርቁኛል፣ እኔም ምርቃቱን እየተቀበልኩ ኮራ እላለሁ።

ዘንድሮ ልጄ ሳሮን አዲስ ነገር ይዛ መጣች። ሪቻርድሰን ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። ከጓደኞቿ ጋር ሆነው "ፕሬዚዳንቱ በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ ይመረጥ" የሚል ማኅበር አቋቋሙ። ቅዳሜ ቅዳሜ የአበሻ ግሮሰሪ በር ላይ ቆማ ፊርማ ታሰባስባለች። እኔ መጀመሪያ ላይ "ከዚህ ሁሉ ኬሚስትሪሽን ብታጠኚ" ብያት ነበር፤ በኋላ ግን ሰዉ ሁሉ "የሰርካዲስ ልጅ እንዴት ጎበዝ ናት!" ሲለኝ ጊዜ እኔም ብዕር አንስቼ ፈረምኩ። ፈርሜም አላበቃሁ፣ ሥራ ቦታ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ጓደኞቼን ሁሉ አስፈረምኩ። ካመንኩበት አመንኩበት ነው፣ እኔ መካከለኛ የሚባል ነገር አላውቅም።

ጥቅምት ውስጥ ነው፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ እየበላን ነበር። አባባ ለሳሮን ጥያቄ አነሱላት።

"እስቲ አስረጂኝ ልጄ። ይሄ የምትጮሂለት ነገር ምንድነው?"

"ሶ፣ አባባ፣ አንተ ቮት ስታደርግ…"

"አንቱ በይ!" አልኳት።

"ሶሪ። አንቱ ቮት ስታደርግ፣ ፕሬዚዳንቱን አይደለም የምትመርጠው። ማለቴ፣ ቴክሳስ አርባ ሰዎች አላት፣ ኦኬ? እነሱ ናቸው ሄደው የሚመርጡት። እዚህ ቴክሳስ ውስጥ በትንሽ እንኳ የበለጠው ሰውዬ አርባውንም ይወስዳል። የሌላው ሰው ድምፅ ምንም አይሠራም። ከዛ በአገሩ ሁሉ ብዙ ሰው የመረጠው ሰውዬ ሊሸነፍ ይችላል። እኛ የምንለው፣ ሁሉም ሰው ይቆጠር፣ የበለጠው ይግባ። በቃ።"

አባባ ጉርሻቸውን አላምጠው እስኪጨርሱ አሰቡ።

"አርባዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው በይኛ! ሚስት የሚጠይቁ ሽማግሌዎች።"

ሳሮን አልገባትም፣ እኔ ግን ሳቄ መጣ።

"አያትሽን ሳገባ ሦስት ሽማግሌ ነው የላክሁት" አሏት። "እነሱ ተመካክረው፣ በልተው ጠጥተው፣ 'ተስማምተናል' ብለው መጡ። እኔ ልጅቷን በደንብ ያየኋት በሠርጉ ዕለት ነው። ዕድለኛ ሆኜ ነው እንጂ ታላቅ እህቷን ይዘውልኝ ቢመጡ ምን አቅም ነበረኝ? አሁን እኛ አገር እንኳ ልጁ ራሱ ጠይቆ ጨርሶ ነው ሽማግሌ የሚልከው። አሜሪካ ይሄን ሁሉ ሕንጻ አቁማ እስከ ዛሬ በሽማግሌ ነው የምታገባው?"

ሳሮን በሳቅ ፈነዳች። "አባባ፣ ይሄንን ስብሰባው ላይ በልልኝ! ፕሊስ!" ለካ የፊታችን ቅዳሜ ረፋድ ላይ የኮሚኒቲውን አዳራሽ ተከራይተው ስብሰባ ጠርተዋል።

እኔም ሞቅ አለኝ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁና "ነውር እኮ ነው!" አልኩ። "እኔ አፍ የለኝም? እጅ የለኝም? ማን ፈቅዶለት ነው ሌላ ሰው በእኔ ፋንታ የሚመርጠው? ጠይቆኛል? አማክሮኛል? የሰው ድምፅ መውሰድ ኪስ ከመግባት በምን ይለያል?"

"ዋው፣ ማሚ!" አለች ሳሮን። "ቅዳሜ ማይክ እሰጥሻለሁ። እንደዚሁ በይው።"

"እላለሁ! ማንን ፈርቼ!"

ይሄኔ አባባ እጃቸውን በናፕኪን ጠረጉና "እኔም እናገራለሁ" አሉ። "ግን መጀመሪያ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ሄጄ እመርጣለሁ። ሳልመርጥ ስለ ምርጫ አላወራም።"

እኔ የሰማሁትን መልሼ እስካስብ ድረስ እሳቸው ቀጠሉ።

"ዕድሜዬን ሙሉ የአገር መሪ መርጬ አላውቅም። ንጉሡን የመረጣቸው የለም። ደርግን የመረጠው የለም። ከዚያ በኋላም ምረጥ ተብዬ የመረጥኩት የወረዳውን ሰው ነው፣ መሪውን እነሱ ተመካክረው አመጡት። እዚህ በሽማግሌም ይሁን በሌላ፣ የሰውየው ስም ከነአባቱ ወረቀቱ ላይ አለ አሉ። ከስሙ አጠገብ እኔ ፀጋዬ በዚህ እጄ ምልክት አደርጋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ሁለቱንም ሳዳምጥ ነው የከረምኩት። ቆርጫለሁ።"

"ማንን ነው አባባ?" አለች ሳሮን።

"እሱማ አይነገርም!" አሉና እንደ ልጅ ሳቁ።

እኔ ክው ብዬ ቀረሁ።

አባባ መርጠዋል። እኔ መርጬላቸዋለሁ።

እንዲህ ነው የሆነው። ዕድሜያቸው ከስልሳ አምስት በላይ ስለሆነ በፖስታ መምረጥ ይችላሉ፤ መመላለሱ ይቅርባቸው ብዬ እኔው አመለከትኩላቸው። ወረቀቱ በመስከረም መጨረሻ ከሜዲኬይድ ማደሻው ጋር አንድ ቀን መጣ። ሁለቱንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓቴ ሞላኋቸው፣ በአንድ እስክሪብቶ። ማታ "አባባ፣ እዚች ጋ፣ እዚችም ጋ" አልኳቸው። ፈረሙ። ጠዋት ፖስታ ሳጥን ውስጥ ጣልኩት። ክፉ ነገር ሠራሁ ብዬ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም። ከሜዲኬይዱ ወረቀት የሚለየው ነገር አልታየኝም ነበር፤ እንዲያውም የሜዲኬይዱን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ስህተት ካለው ይመልሱታላ።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። "አባባ፣ ይቅርታ፣ እኔ እንዲህ አድርጌያለሁ" ማለት ምን ነበረበት? ግን ሳሮን እያየችኝ ነው፣ እኔ ደግሞ ገና አሁን ጠረጴዛ እየደበደብኩ ስለ ኪስ መግባት ሰብኬ ጨርሻለሁ። እንዴት አድርጌ ልመለስ? ተነስቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ያልቆሸሸውን ሁሉ አጠብኩ።

ሰኞ በእረፍቴ ወደ ምርጫ ቢሮው ኮል አደረግኩ። ምናልባት መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል፣ አሜሪካም ፖስታ ይጠፋል አይደል? ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ እንዴት ያለች ትሁት መሰለቻችሁ! የአባባን ስምና የልደት ቀን ሰጠኋት። "አታስቢ የኔ ቆንጆ፣ በሰላም ደርሶናል" አለችኝ። እሱ ነው የሚያሳስበኝ እንዴት ልበላት? "ቴንኪው" ብዬ ዘጋሁ።

ከዚያ አባባን ከመንገድ ለማስቀረት ያልሆንኩት የለም። "አባባ፣ ሰልፉ ረጅም ነው አሉ፣ ጉልበትዎን ያምምዎታል" አልኳቸው።

"እኔን በሰልፍ ታስፈራሪኛለሽ?" አሉኝ። "ቀበሌ ለስኳር ስሰለፍ የኖርኩ ሰውዬ ነኝ።"

"በፖስታ ቢሆንስ? ቤት ቁጭ ብለው?"

"ለፖስታ እኮ አይደለም ዜጋ የሆንኩት፣ ሰርካዲስ።"

ሐሙስ ዕለት ፀጉራቸውን ተቆረጡ። አርብ ዕለት ሱፋቸውን አምጥተው "እስቲ ተኩሺልኝ" አሉኝ። ተኮስኩ። ሱሪውን ስተኩስ እንባዬ መጣ፤ በራሴ በጣም ከመናደዴ የተነሳ ሁለተኛ መስመር አወጣሁበትና እንደገና መተኮስ ነበረብኝ። እንድሪያስን ልንገረው ብዬ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። ማታ "ነገ እነግራቸዋለሁ" እላለሁ፤ ጠዋት "ማታ ሲረጋጉ" እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ቅዳሜ ነጋ።

ሳሮን በራሷ መኪና መጥታ እዚያው ምርጫ ጣቢያው አገኘችን። መስዑዳም "ለብቻዬ እፈራለሁ" ብላ ከኛ ጋር ተሰልፋለች። አባባ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው ከፊት ቆሙ። ከኋላ የተሰለፈ ፈረንጅ ሁሉ ቁምጣና ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው። ሰልፉ ደግሞ የተረገመ ነው፣ አጭር! ከምኔው እንደደረስን አላውቅም። እኔ በየእርምጃው "አሁን ልንገራቸው፣ አሁን" እላለሁ።

ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ሴትዮ መታወቂያቸውን ተቀበለችና ማሽኗ ላይ አየች። እንደገና አየች። ከዚያ ፈገግ ብላ ለሳሮን የሆነ ነገር ነገረቻት። የሳሮን ግንባር ተሰበሰበ።

"አባባ፣ ሴትዮዋ… ድምፅህ በፖስታ መጥቷል ትላለች። ሁለቴ አይቻልም ትላለች።"

"የምን ድምፅ?" አሉ አባባ። "እኔ አሁን ነው የመጣሁት።"

ሳሮን አስተረጎመች። ሴትዮዋ ፈገግታዋን ተወችና ቀስ ብላ፣ ለረጅም ጊዜ አወራች። ሳሮን ፊቷ እየተለወጠ ሄደ።

"የላክሁት እኔ አይደለሁም ካልክ፣ ፎርም አለ ትላለች። ፎርሙን ትሞላለህ፣ ከዛ ማን እንደላከው ያጣራሉ። ወንጀል ነው ትላለች።"

መስዑዳ ከኋላዬ ጮኸች። "ወላሂ ተሰርቀው ነው! ይጣራ! እኚህን የመሰሉ ሽማግሌ! ሰርካዲስ፣ ዝም ትያለሽ እንዴ? አንቺ አይደለሽ እንግሊዝኛ የምታውቂው፣ ተናገሪላቸው እንጂ!"

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። አባባ ዞረው እኔን አዩኝ። ዓይኔን አላዩም፤ ትከሻዬ ላይ ያለውን ቦርሳዬን ነው ያዩት፣ ወረቀት የማመላልስበትን። ከዚያ ፊቴን አዩ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። አንዲት ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ፣ "እኔ ነኝ" ማለት። አልወጣ አለኝ።

"ኧረ ይቅርታ በያት" አሉ አባባ። "ልኬዋለሁ። ረስቼው ነው።"

"አባባ?" አለች ሳሮን።

"ረስቼው ነው አልኩሽ። እርጅና ነው። ጭንቅላቴ እየከዳኝ ነው፣ እንደሱ በያት።"

አባባ! ሐኪሙ "ዛሬ ቀኑ ምንድነው?" ብሎ ቢጠይቃቸው "አንተ ጠፍቶብህ ነው?" ብለው ተቆጥተው የወጡ ሰው ናቸው። የሰፈር ሰው ሁሉ የልጁን ክርስትና ቀን ከሳቸው ነው የሚጠይቀው። እኚህ ሰው ናቸው ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በሱፍ በክራቫት፣ ሳቅ እያሉ ጃጅቻለሁ ያሉት። ሴትዮዋ በእውነት አዘነችላቸው። እጃቸውን መታ መታ አድርጋ፣ ለመረጠ ሰው ሁሉ የምትሰጠውን "መርጫለሁ" የሚል ስቲከር ራሷ ተነስታ ኮታቸው ላይ ለጠፈችላቸው። እሳቸውም "ቴንኪው ሶ ማች" አሏት።

መስዑዳ ተራዋ ደርሶ ስለነበር እዚያው ቀረች። ፓርኪንጉ ላይ ስንደርስ ሳሮን አባባን መኪናዬ ውስጥ አስገባችና በሩን ዘግታ ወደኔ ዞረች።

"ማሚ፣ አንቺ ነሽ?"

"ፎርም መስሎኝ ነው" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

"ፎርም?"

"ሁሉንም እኔ አይደለሁም የምሞላው? ለአፓርታማውም፣ ለ…"

"እሁድ ዕለት ምን ነበር ያልሽው?" አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ "እናትሽ ነኝ፣ አትጩሂብኝ" እላት ነበር። "ኪስ መግባት ነው አላልሽም? ቪዲዮ ሁሉ ልቀርጽሽ ነበር እኮ።"

"ሳሩዬ…"

"አባባ እኮ በኢንግሊሽ እንዳስተረጉምለት እኔን ነው የጠየቀው። ጅል ነኝ በያት ብሎ እኔን ነው የጠየቀው፣ ማሚ። እኔ በአፌ ነው ያልኩት።" ዓይኗ ሞላ። "ፕሊስ፣ ዛሬ እንዳትናገሪ። ማለቴ፣ መምጣት ከፈለግሽ ነይ፣ ግን ማይኩን እንዳትነኪ።"

ወንበር የሚደረድሩት ጓደኞቿ እየጠበቋት ነበርና ሄደች። ቤተሰብ ውስጥ አንቱ ማለት የማታውቅ ብዬ የምስቅባት ልጅ፣ እናቷን ላለማዋረድ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናግራኝ ሄደች። ሰው በልጁ ፊት እንዲህ ያፍራል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

መኪና ውስጥ ገባሁ። አባባ ቀበቷቸውን አስረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ያያሉ። ሞተሩን አስነሳሁና ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "አፈር ስሆን። ምን ነካኝ፣ እኔ እንጃ።"

"ንጂ፣ ይረፍድብናል" አሉ።

ነዳሁ። ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጠየቁኝ።

"ማንን መረጥኩ?"

ነገርኳቸው። ፊታቸውን ሰርቄ አየሁ፤ ይሁን፣ አይሁን፣ እሳቸው የቆረጡለት ይሁን ሌላው፣ ምንም የሚነበብ ነገር የለም። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ለምን መረጥኩት?"

"ምን አሉኝ?"

"ምክንያት ይኖረኝ የለ? ለምን እሱን አልኩ?"

መዋሸት አማረኝ። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ስደተኛ፣ ስለ ጡረታ አንድ ነገር ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ከሳቸው ጋር ውሸቴ አልቆብኝ ነበር።

"እንድሪያስን ኮል አድርጌ ጠየቅኩት" አልኩ። "ወረቀቱን ይዤ ስቀመጥ ለአባትህ ማንን ላድርግላቸው አልኩት። እየነዳ ነበር። 'ያው የኛን ሰውዬ አድርጊላቸው' አለኝ።"

"እሱስ ለምን አለ?"

"አልጠየቅኩትም።"

"አንቺስ የራስሽን?"

"እኔም… ያው የሱን ነው የማደርገው።"

ቀይ መብራት ያዘንና ቆምኩ። ከመስቀለኛው ማዶ አዳራሹ ይታያል፤ ሳሮን በር ላይ ቆማ ሰው ታስገባለች።

"አሁን ልጅቷ ሕዝብ ፊት ታቆመኛለች" አሉኝ፣ ረጋ ብለው፣ ያለ አንዳች ቁጣ። "ማንን መረጡ የሚለኝ አይኖርም፣ ያ ነውር ነው። ለምን መረጡ ግን ይሉኛል። ቃል ገብቻለሁና እናገራለሁ። ስለዚህ ሰርካዲስ፣ እዚያ እስክንደርስ አንድ ምክንያት ፈልጊልኝ። የኔ የሚመስል።"

አረንጓዴ በራ። ከኋላ ጥሩንባ ነፉብኝ፣ ደገሙብኝ። እኔ መሪውን ይዤ ለአባባ የሚሆን አንድ ምክንያት ፈለግኩ፤ አጣሁ።